የኮሌታው ቁልፍ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንድ ቃል አልተጨመረበትም፤ እንዲያውም ለሰሚ እንዳይከብድ ተብሎ ግማሹ ተቀንሷል። ቅንጣት ውሸት ከተገኘበት የተናገረው ምላስ ይቆረጥ፣ የሰፈሩ መቀስ ሁሉ ይደንዝ! የተጠራጠረ ካለ ልብስ ሰፊውን ራሱን ሄዶ ይጠይቅ፤ በሰባት እጥፍ ይነግረዋል። ሚስቱን ግን ባይጠይቅ ይመረጣል።

ልብስ ሰፊው ያን ዕለት ጠዋት ከገዛ ኮሌታው ጋር ግብግብ ገጥሞ ነበር። ከሱቁ ትልቅ መስታወት ፊት ቆሞ፣ አገጩን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ፣ የላይኛውን ቁልፍ በሁለት እጁ ወደ ቀዳዳው ሲገፋ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ቁልፉ ከቀዳዳው ጋር የተጣላ ይመስል አልቀርብም አለ። ሱፍ ሊለካ የሚመጣ ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ሊደርስ ነው። ኮሌታው የተከፈተ ልብስ ሰፊ ማለት ጥርሱ የወለቀ የጥርስ ሐኪም ማለት ነው፤ ማንም አያምነውም።

ሸሚዙን አወለቀና የቁልፉን ክር በምላጭ በጠሰው። ወደ ኮሌታው ጠርዝ ገፋ አድርጎ ሊሰፋው መርፌ ሲያነሳ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የኮት ቁልፍ ቀዳዳ በእጇ የምትዘመዝመው ሚስቱ ቀና አለች።

"ምን ሆነ ደግሞ?"

"ጨርቁ ነው። የዘንድሮ ጨርቅ ውሃ ባየ ቁጥር እየደነገጠ ይሰበሰባል።"

"ይሄን ሸሚዝ ሦስት ዓመት አጥቤዋለሁ።"

"ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲደነግጥ ነዋ የኖረው!"

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊውን ጋሽ ክንዱ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ስንዝር ወሬ ከሰጡት ክንድ አድርጎ ስለሚመልስ የተለጠፈበት ነው። ሚስቱ ግን የእጅ ሥራዋም ንግግሯም ልክ ነው፤ አይረዝምም፣ አያጥርም። ሸሚዙን ከእጁ ተቀበለችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ሄደች። ሌላ ሰው ቢያየው ኮሌታ ብቻ ነው። እሷ ግን በጨርቁ ላይ የቀሩትን የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች በጣቷ እየነካች ተከተለቻቸው።

"እዚህ ነበር። ከዚያ እዚህ መጣ። ከዚያ ደግሞ እዚህ። አሁን ከጠርዙ ላይ ልታወጣው ነው። ለሚቀጥለው የት ነው የምትሰፋው፣ ግድግዳው ላይ?"

ጋሽ ክንዱ መልስ አጣ። ይህ በታሪኩ ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ሲወለድ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ሸሚዝ ጠበበኝ ብሎ አዲስ ይገዛል፤ ሲገዛም አንገቴ ምን ነካው ብሎ ራሱን ይጠይቃል። እሱ ግን መርፌው እጁ ላይ ነው። ወሬ እያወራ፣ ሳያይ፣ ቁልፉን ወደ ውጪ አዛውሮ ይገላገላል። የሙያውም ልማድ አለበት። ልብስና ገላ አልስማማ ካሉ ጥፋቱ የልብሱ ነው። ደንበኛን "ወፈርክ" ማለት ደንበኛን ማባረር ነውና፣ "ጨርቁ ሰብሰብ ብሏል፣ ትንሽ እንለቀዋለን" ይባላል። ይህንን ለሺህ ደንበኛ ሲል ኖሮ በመጨረሻ ለራሱም ብሎት አረፈ።

ሚስቱ ሸሚዙን ወንበር ላይ ጥላ ጣቶቿን አንገቱ ላይ አደረገች።

"ዋጥ አድርግ።"

"ምኑን?"

"ምራቅህን ነዋ።"

ዋጠ። ከጣቷ ሥር አንድ ነገር ሽቅብ ወጣና ተመልሶ ወረደ።

"እስቲ ድገም።"

ደገመ። አሁንም ወጣ፣ ወረደ። እሱም በገዛ ጣቱ ዳሰሰው፤ ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ በስተቀኝ በኩል ድፍን ነገር ተጎልቷል። በዚያች ቅጽበት የሰፈሩ የስፌት መኪና ሁሉ ቀጥ አለ፣ መንገድ ላይ መኪኖች ፍሬን ያዙ፣ ርግቦች በአየር ላይ ቆሙ። ሚስቱ ሸሚዙን አጣጠፈች። የተበጠሰውን ቁልፍ ከወለል አንስታ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለች።

* * *

ጸጉር ቤቱ ከልብስ ስፌቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ወሬም ይጋራል። ጋሽ ክንዱ ገና በሩ ላይ ሳለ እብጠቱ ሎሚ ያህል ነበር። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ብርቱካን አከለ። ጸጉር አስተካካዩ ሳሙናውን አረፋ አድርጎ አንገቱን ሲቀባው ሐብሐብ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

"ቆይ እንጂ" አለ ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ አቁሞ። አብሮ አደጉ ነው፤ አይፈራውም። "ይሄን አንገት በየሳምንቱ የምላጨው እኔ አይደለሁም እንዴ? ብርቱካን ቢኖርበት ኖሮ ልጬ በበላሁት!"

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ አውካኩ።

"አንተ የምታየው ጢም ጢሙን ነው" አለ ጋሽ ክንዱ። "ይሄ እኮ ያደገው ወደ ውስጥ ነው።"

"እንቅርት ነው በለና። ድሮ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉ ነበር፤ አንተ ደግሞ በወሬ ላይ እንቅርት ጨመረልህ።"

"እንቅርት የተራ ሰው ነው። የኔ ስም እንኳ አልወጣለትም።"

"ሐኪም አየህ?"

"ገና ሳያዩኝ ነው የደነገጡት!"

"እና ሊቆርጡህ ነው?"

"ሌላ ምን መላ አለው!" ጋሽ ክንዱ ጣቱን ከአንዱ ጆሮ ሥር እስከ ሌላኛው ጆሮ ሥር በአረፋው ላይ አሰመረ። "ከዚህ፣ እስከዚህ።"

"በል እንግዲህ ጠባሳውን እናያለን" አለ ጸጉር አስተካካዩ። "ከጅብ ታግለህ ጠባሳ የለህም። ከፎቅ ወድቀህ ጠባሳ የለህም። ባቡር ገጭቶህ፣ ጠባሳው ያለው ባቡሩ ላይ ነው አልከን። ይሄኛውን ግን እኔው ነኝ የምላጭህ፤ ካለም አለ፣ ከሌለም የለም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ጋሽ ክንዱም አብሮ ሳቀ። ያልተናገረው ነገር ግን ነበረ። አክስቱ በወጣትነቷ አንገቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር። ስትገባ ከወንዝ ማዶ ሰው የምትጠራ ሴት ነበረች፤ ስትወጣ ከአጠገቧ የተቀመጠ ሰው "ምን አልሽ?" እያለ ጆሮውን የሚያስጠጋላት ሆነች። እስከ ዕለተ ሞቷም እንደዚያው በሹክሹክታ ኖረች። ጋሽ ክንዱ ልጅ ሳለ ያስቀው ነበር። አሁን፣ ምላጩ አንገቱ ላይ ሲንሸራተት፣ ያ ሹክሹክታ ጆሮው ውስጥ ነበር። ለእሱ መስፋት የእጁ ሥራ ነው፤ መናገር ግን የሕይወቱ ሥራ ነው።

* * *

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ አስራለች። አንገቱን ከኋላው ቆማ ዳሰሰችው፣ አስዋጠችው፣ እንዲናገር ጠየቀችው። "ይናገሩ" የተባለ ሰው ያውም ጋሽ ክንዱ! ከጅቡ ጀመረ። ባቡሩ ላይ ሳይደርስ "በቂ ነው፣ ድምፅዎ ደህና ነው" ብላ አስቆመችው።

ደም ተሰጠ። ውጤቱ ሲመጣ አንገቱ ውስጥ ያለው ዕጢ ሥራውን በወጉ እየሠራ ነው፤ አልበዛም፣ አላነሰም። ከዚያ አልጋ ላይ አንጋለለችውና አንገቱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፈሰሰች። የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ስታንሸራትት በስክሪኑ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ታየ፤ በጭጋጉ መሀል አንድ ክብ ነገር አለ።

"ይሄውልዎት" አለች። "የታይሮይድ ዕጢ የሚባለው ይሄ ነው። ሁላችንም አለን። የእርስዎ በቀኙ በኩል ጉብታ አብቅሏል። ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ይሆናል።"

"ሴንቲሜትር የኔ ቋንቋ ነው" አለ ጋሽ ክንዱ በተኛበት። "ደህና አድርገሽ ለካሽው ግን? ሜትሩ ላልቶ እንዳይሆን።"

"የኮት ቁልፍ ያክላል" አለች ሚስቱ ከጥግ ሆና፣ ስክሪኑን እያየች።

ሐኪሟ ዞራ አየቻትና ፈገግ አለች። "ልክ ነው። የኮት ቁልፍ።"

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። እንዲህ ያለ ጉብታ በብዙ ሰው አንገት ላይ ይገኛል፣ አብዛኛው ጉዳት የለውም፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ግን ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ካንሰር ናቸው። ከውጪ ዳስሶ መለየት አይቻልም። ይህኛው ድፍን ነው፣ መጠኑም ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ በቀጭን መርፌ ከውስጡ ቀድቶ ማየት ያስፈልጋል። ሌላው ነገር ሁሉ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

ካንሰር የሚለው ቃል ክፍሉ ውስጥ ሲገባ የጋሽ ክንዱ እጅ ሳያዝዘው ሄዶ የሸሚዙን ኮሌታ ያዘ።

መርፌው ሲመጣ የጆንያ መስፊያ ወስፌ የሚያህል ነበር። እሱ ግን እንደ አንበሳ ተንጋለለ።

"አሁን እንዳይናገሩ። እንዳይውጡም" አለች ሐኪሟ። "ጥቂት ሰከንድ ነው።"

"ይገርምሻል ዶክተር፣ እኔና መርፌ ማለት እኮ..."

"እባክዎ!"

"...ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የምወጋው፣ አሁን ደግሞ ተራው..."

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። በሳምንቱ ሲመለሱ ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች። መርፌው የቀዳው ደም ብቻ ነው፤ ለምርመራ የሚበቃ ነገር አልተገኘም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት።

ጸጉር ቤት ሲደርስ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። "ማይክሮስኮፑ አልቻለውም" አለ። "ትልቅ ስለሆነ አልገባበትም። ሌላ እስኪያስመጡ ጠብቅ ብለውኛል።"

* * *

በእነዚያ ሳምንታት ሰፈሩን ያስደነገጠው ግን ወሬው አልነበረም፤ ሥራው ነው። ጋሽ ክንዱ የሰጠውን ቀጠሮ ማክበር ጀመረ።

ልብስ ሰፊ "ማክሰኞ ና" ካለ ማክሰኞ የሚሄድ ሞኝ የለም። ማክሰኞ ሄደህ "ቅዳሜ" ትባላለህ፣ ቅዳሜ "እጅጌው ብቻ ቀርቷል" ትባላለህ፣ እንዲህ እያለ ልብሱም አንተም ትደርሳላችሁ። አሁን ግን ማክሰኞ የተባለው ሰኞ ያልቅ ጀመር። ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ፣ ቁልፉ ሁሉ ሳይቀር ተሰፍቶ! ዳቦ ጋጋሪው ለልጁ ምርቃት ያሰፋውን ሱፍ አስቀድሞ ሲረከብ እንባ ተናነቀው። ከሱቁ እንደወጣ ለጸጉር አስተካካዩ፣ "ጋሽ ክንዱ አለቀለት፤ ቀጠሮ አከበረ እኮ!" አለው።

ሚስቱም አይታለች። ያልተሰፋ ጨርቅ ሁሉ እየቆረጠ፣ በጠመኔ እያሰመረ፣ በየደንበኛው እየጠቀለለ መደርደሪያ ላይ ሲከምር ዝም ብላ ታየዋለች። አንድ ከሰዓት የስፌት መኪናውን ፔዳል አቁሞ ጠራት።

"ነይ እስቲ። የኮት ትከሻ ስትቆርጪ ይሄን ያህል ትርፍ ትተዪለታለሽ። አየሽ? የሰው ትከሻ ሁለቱ እኩል አይደለም፤ የቀኙ ይወርዳል።"

"ለምንድን ነው የምታሳየኝ?"

"እንዲያው ለወሬ።"

"ወሬ እንዲህ አይደለም የምታወራው" አለች። መቀሱን ግን ተቀበለችው፤ እሱ ካሰመረው መስመር ሳትወጣ እስከ ጫፉ ቆረጠች።

ሁለተኛው መርፌ የቀደመውን እጥፍ ነበር። ይህንን ያየ ሰው ይመስክር! ሐኪሟ "ዛሬ የሚወራ ከሆነ አልወጋም" አለች። ጋሽ ክንዱ አፉን ከፈተ፣ ሚስቱን አየ፣ አፉን ዘጋ። እጁን ያዘችው። መርፌው ገባ፤ ግራ ቀኝ ብሎ ፈለገ፣ ቀዳ። እሱ ጣሪያውን እያየ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አለ። ሚስቱ ከእሱ ጋር ልጆች አሳድጋ ድራለች፣ ቤት ሠርታለች። እንደዚያ ዝም ያለ አንገት ግን በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። የሱ ዝምታ ከመርፌው ይልቅ አስፈራት።

* * *

"ውጤቱ ጥሩ ነው" አለች ሐኪሟ። "ካንሰር አይደለም።"

ሚስቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፤ ከዚያ እንደገና አስተካከለችው። ጋሽ ክንዱ ወንበሩ ላይ ተለቅቆ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ መደገፊያ እንዳለው አወቀ።

"መርፌ መቶ በመቶ አይባልም" ስትል ቀጠለች ሐኪሟ። "ለዚህ ነው የምንከታተለው። አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መተው ነው። ዝም ብሎ መተው ሳይሆን፣ እያዩ መተው። በዓመቱ ተመልሰው አልትራሳውንድ እናያለን፤ ካደገ ወይም መልኩ ከተለወጠ እንደገና እንነጋገራለን። ብዙ ሰው በዚህ ይኖራል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የዕጢውን ግማሽ ማውጣት። ይሄን የምንመርጠው ጉብታው የሚያስቸግር ከሆነ ነው።"

ደስታ ጋሽ ክንዱን ከወንበሩ ሊያነሳው ምንም አልቀረውም። ይህን ጊዜ የጸጉር ቤቱ ወንበር፣ አረፋውና ምላጩ ትዝ አሉት። "ካለም አለ፣ ከሌለም የለም።"

"ዶክተር፣ ጠባሳው የት ላይ ነው የሚሆነው?"

ሐኪሟ ግራ ገባት። "የትኛው ጠባሳ?"

"የቀዶው ነዋ። ከሩቅ ይታያል?"

"በመጀመሪያ የሚያስፈልግ መሆኑን እንወቅ። ሲውጡ ያስቸግርዎታል?"

አንዳንድ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ወደ ኋላ ይላል። ጋሽ ክንዱ ግን ስንዝር ሲሰጡት ኖሮ ክንድ መመለስ ደሙ ውስጥ ገብቷል።

"መዋጥ?" አለ። "ውሃ እንኳ በልመና ነው የሚወርደው!"

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ሐኪሟ ጻፈች።

"ትንፋሽስ?"

"ስተኛ ሰው ደረቴ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። ከባድ ሰው።"

አሁንም ጻፈች። ፊቷ ተለወጠ። "እንዲህ ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው" አለች። "ለቀዶ ሐኪሙ እልክዎታለሁ። ግን ሊያውቁት የሚገባ አለ። ከዕጢው ኋላ የድምፅ ነርቭ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ችግር አይገጥምም፤ አልፎ አልፎ ግን ይነካል፤ ድምፅ ይሻክራል፣ ይደክማል። ለአንዳንድ ሰው ሳይመለስ ይቀራል። የቀረው ዕጢ ካልበቃም ክኒን በየቀኑ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። አሁን እንዳይወስኑ። ሐሙስ ይመለሱ፤ እሱም ይኖራል፣ ሁላችንም እንነጋገራለን።"

ሚስቱ በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አላለችም። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ጓዳ ውስጥ አርማው ታውቃለች፤ በሰው ፊት ግን አንዴም አላረመችውም። የባሏን ወሬ በሰው ፊት መቁረጥ፣ ለብሶት የቆመውን ኮት ደንበኛ ፊት እንደመተርተር ትቆጥረዋለች።

መንገድ ላይ ግን ቆመች።

"ለምን እንዲያ አልካት?"

"ምን አልኳት?"

"ውሃ በልመና ነው የሚወርደው አልክ።"

"ትንሽ ለማሳመር ነው እንጂ።"

"ሐኪም ወሬ ሰሚ አይደለችም። አንተ ለማሳመር የጨመርከውን እሷ በምላጭ ነው የምትቀንሰው። አክስትህን ረሳሃት?"

አልረሳትም። ግን፣ "ለሰፈሩ ምን ልበል ታዲያ?" አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። "ከጆሮ እስከ ጆሮ ብያለሁ። አሁን ሄጄ ምንም አይደለም ተባልኩ ልበል? ሲስቁብኝ ልኑር?"

"ሲስቁልህ ነው የኖርከው" አለች፤ መንገዷን ቀጠለች።

* * *

የሐሙስ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጸጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ክንዱ በካናቴራ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል፤ ነገ ለቀዶ ሐኪም የሚቀርብ አንገት ንጹሕ መሆን አለበት። ሚስቱ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ያንን ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ መርፌዋ ላይ ክር ታስገባለች።

"አልጋውን ከበው ቆሙ" ይላል ጋሽ ክንዱ። "ሐኪም በሐኪም ላይ! አስተማሪው ለተማሪዎቹ፣ 'ተመልከቱ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያችሁ አታዩም' ይላል። መርፌውን ሁለት ሰው ነው ይዞ የመጣው። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። እንዲያውም፣ አይዞሽ አልኳት ሐኪሟን፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ!"

"ከዚያስ?" አለ ወረፋ የሚጠብቅ ታክሲ ነጂ።

"ከዚያማ ማሽኑ ተቃጠለ። ሌላ ቢያመጡ እሱም ተቃጠለ። ነገ ነው እንግዲህ። በሕይወት ከወጣሁ ጠባሳዬን ታያላችሁ።"

ጸጉር አስተካካዩ ዛሬ አልቀለደም። አረፋውን ከወትሮው አለስልሶ ነበር የሚቀባው። "ወንድሜ" አለው ቀስ ብሎ፣ "ጠባሳ እናያለን ያልኩት ለጨዋታ ነው። ይቅር በለኝ።"

 ከአግዳሚው ጫፍ የሚስቱ ድምፅ፣ ከፍም ዝቅም ሳይል፣ መጣ።

"ሐኪሟ አንድ ናት።"

ሁሉም ዞሩ። ዓይኗን ከመርፌዋ ላይ አላነሳችም።

"መርፌው ከዚህ ከኔ ይቀጥናል። የመጀመሪያው ጊዜ አልሆነም፤ ዝም በል ሲባል አልሰማም። በሁለተኛው ዝም አለ፤ አንድ ደቂቃም አልሞላም። ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ምንም ማሽን አልተቃጠለም። ጉብታው የኮት ቁልፍ ያክላል፤ ካንሰር አይደለም ተብሏል። በዓመቱ እየታየ ይቀመጥ ነው የተባለው። መዋጥ አቃተኝ ብሎ ስለነገራት ነው ቀዶው የመጣው። እሱ ይውጣል። ዛሬ ጠዋት የሱን ዳቦ ጨርሶ የኔንም በልቷል።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"ከተቀደደ ድምፁ ሊሄድ ይችላል ብላለች። እኔ ደግሞ ያን ድምፅ እፈልገዋለሁ። ከነውሸቱ።"

 ጋሽ ክንዱ አንገቱ እስከ ጆሮው አረፋ እንደሆነ በመስታወቱ ውስጥ አያት። መስታወቱ ውስጥ እሷ አጎንብሳለች፤ እጇን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ትንሽ ነጭ ቁልፍ አወጣች።

"ታዲያ ጠባሳ የለም?" አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን እንደያዘ።

ጋሽ ክንዱ ምራቁን ዋጠ። ጉብታው በአረፋው ሥር ሽቅብ ወጣና ወረደ፤ ያለ አንዳች ልመና።

"የለም" አለ።

ጸጉር አስተካካዩ መላጨት ጀመረ። ትንሽ ቆይታ ሚስቱ ሸሚዙን ከፍ አድርጋ፣ "የት ላይ ልስፋው?" ስትል ጠየቀችው።

ተነስቶ በግማሽ አረፋ ሄደ። ኮሌታውን አንገቱ ላይ አስለካት። ጣቱን ጨርቁ ላይ አሳረፈ።

"አሁን ልክ የሚሆነው እዚህ ነው። እዚህ ስፊው፤ አጥብቀሽ። ከዛሬ ጀምሮ የኔን ቁልፍ አንቺ ነሽ የምትሰፊው፤ እኔ አልነካውም። አልዘጋ ካለኝ ጨርቁ ነው እንዳልል።"

"ነገስ?"

"ነገ ሐኪሟ ስትጠይቅ አንቺ ነሽ የምትመልሺው።"

ሚስቱ ቁልፉን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችና መርፌዋን ከሥሩ አወጣችው።

ከዚያች ሰዓት አንስቶ፣ ሐኪሟ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ፣ ጋሽ ክንዱ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሌሊቱን ሙሉ፣ መንገዱን ሙሉ፣ እንደ ሐውልት ዝም እንዳለ ነው ሐኪም ቤት የደረሰው። ይህ ያለ ጥርጥር የተረጋገጠ ነው።

"ዝም ያለው እስከ ጸጉር ቤቱ በር ድረስ ነው" ትላለች ሚስቱ።